ስምንተኛው መርፌ

መካነ ሰላም
ሚያዝያ 13 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ እመት ፈይዛ፣

ጤናዎን ከአላህ እለምናለሁ። ይህን የምታነብልዎ የልጅ ልጅዎ ጁማና እንደሆነች አውቃለሁ። ጉሮሮዋን ጠርጋ በትምህርት ቤት ድምፅ እንደምታነበውም አውቃለሁ። አንድ ነገር ልለምንዎ። ከዚህ በታች ያለው ከመነበቡ በፊት ልጅዎ በሽር ይጠራና አጠገብዎ ይቀመጥ። ሱቅ ውስጥ ሰው አለብኝ ካለ ይጠብቁት። ደብዳቤው የእርስዎ ነው፤ እሱ ካልሰማው ግን የጻፍሁት በከንቱ ነው።

ተቀምጧል ብዬ ልቀጥል።

መጋቢት 12 ቀን ክሊኒኩ ውስጥ በሽር ሲጠይቀኝ ዋሽቻለሁ። "አላይም" ነው ያልሁት። በዚያች አንዲት ቃል የተነሳ የመጋቢትም የሚያዝያም መርፌ አመለጠዎት፤ ቀኝ ዓይንዎ ጠፋ። ግራው ገና አለ። ዶክተር ሙእሚን ግንቦት 8 ቅዳሜ ይመጣል። ያ ካለፈ ስለ ግራውም ተስፋ እንደማይሰጥ ነግሮኛል። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሥራዬን ያውቃሉ። ሃያ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የምስክር ቃል የት ላይ እንደሚላላ፣ የት ላይ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። የራሴን ቃል ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ልነሳ፤ ዳኛም ቢሆን የሚጠይቀው ከዚያ ነው።

ጥቅምት ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ፣ በረጅሙ አግዳሚ ላይ ስምንት ሆነን ተቀምጠናል። ስምንታችንም የስኳር በሽተኞች ነን፤ ስኳሩ ዓይናችን ውስጥ ገብቷል። ዶክተሩ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ከደሴ መጥቷል። ሲስተር አሰጋሽ ከፊታችን ቆማ ነገሩን አስረዳችን።

"አንዷ ብልቃጥ ለስምንት ሰው ትከፈላለች። ከተከፈተች አታድርም። ስለዚህ ስምንታችሁም በየወሩ በሁለተኛው ቅዳሜ እዚህ ትገኛላችሁ። የቀረ ሰው ድርሻው ይደፋል።"

አበጋዝ፣ ያ የድሮው ሚሊሻ፣ "መንግሥት አንድ ለአምስት አደራጅቶን ነበር፤ ሲስተር ደግሞ አንድ ለስምንት አደረገችን" አለ። ሁላችንም ሳቅን። እርስዎ አልሳቁም። ፊት ለፊታችን ያለውን ግድግዳ እያዩ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ በቀስታ፦

"ስማኝ ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ተራቸው ከእኛ በፊት ነው?"

"የትኞቹ?"

"እዚያ የቆሙት ሦስቱ። ሽማግሌዎች ናቸው እኮ። የሚነሳላቸው ጠፋ?" ብለው ሊነሱ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

ይህን በሽር ልብ ይበል። ገና ወደ ውስጥ አልገቡም። ገና አንዲት ጠብታ ዓይንዎ ላይ አልወደቀችም። መርፌው ገና ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ግድግዳውን አየሁት። ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ከሥሩ እርጥበት ልጦታል። ማንም የለበትም። "ማንም የለም እመት" ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን "ምን ይመስላሉ?" አልሁ።

"ያንተን ፊት እንደ ጭጋግ ነው የማየው" አሉኝ። "የእነሱን ግን የጥምጥማቸውን ክር እቆጥራለሁ። ትልቁ አረንጓዴ ጠምጥሟል፤ ጫፉ ተተልትሏል። አይናገሩም።"

የፈራሁት ያኔ ነው። የእኔዎቹም እንደዚያው ነበሩና።

እኔን የጀመረኝ በነሐሴ ነው። ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጬ፣ የምጽፍለትን ሰው አፍንጫ እንኳ መለየት አቅቶኝ ሳለ፣ ከጀርባው የቆመ ሰልፍ አየሁ። አሥራ አንድ ናቸው። ሁልጊዜ አሥራ አንድ። የአንዷ ሴት ጉትቻ ሳይቀር ይታየኛል። እያንዳንዳቸው ወረቀት ይዘው ወደ እኔ ዘርግተዋል፤ ወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። አይቀርቡም፣ አይሄዱም። ዝናብ ሲመጣ አይርሱም። ዓይኔን ስጨፍን ይጠፋሉ፤ ስገልጥ ከነበሩበት ቆመዋል። አንድ ቀን አንድ ባለጉዳይ መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ፤ ሲመጣ በዚያች ባለ ጉትቻ ሴት አካል ውስጥ ነው ያለፈው። ሳላስበው "ይቅርታ ጠይቃት እንጂ!" አልሁት።

"ማንን?" አለኝ።

"ሚስትህን" አልሁት። "ክሱን ከመመሥረትህ በፊት።"

ሰውዬው ትንሽ አሰበና ክሱን ትቶ ሄደ። ታርቀው ይኖራሉ ብለውኛል።

ለማንም አልተነፈስሁም። ጸሐፊው አብዷል ከተባለ የመሬት ክርክሩን ማን ይሰጠኛል? ሚስቴም አታውቅም። ለእርስዎ ግን ያን ቀን፣ እጅዎ ትከሻዬ ላይ እያለ፣ "እኔም" አልሁ።

ፊትዎን ወደ ድምፄ አዞሩ። "የእኔዎቹን?"

"ሌሎች ናቸው። አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ!" ብለው በሻሽዎ ጫፍ አፍዎን ይዘው ሳቁ። "አንተስ ድግስ ነው የወደቀብህ!" ቆይተው ደግሞ፣ "አብሽር ቢተው። ክፉ ቢሆኑ እስካሁን አንድ ነገር ይናገሩ ነበር" አሉኝ።

በዚህች ንግግር ብዙ ጊዜ ተጽናንቻለሁ። ብዙ ጊዜም ፈርቼባታለሁ።

መርፌው ምን እንደሆነ ደግሞ ለበሽር ልንገረው፤ አይቶት አያውቅምና። መጀመሪያ ጠብታ ይጨመራል። ያቃጥላል፣ ከዚያ ፊት የራስ አይመስልም። በቢጫ መድኃኒት ይታጠባል። ፊት ላይ ጨርቅ ይጣላል፤ ለዓይን ብቻ ቀዳዳ አለው። ቆቡ እንዳይከደን ትንሽ ሽቦ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መጨፈን የለም። ሰው አላይም ያለውን ነገር ሁሉ ሲጨፍን እንደኖረ የሚያውቀው እዚያ ላይ ነው። ዶክተሩ "ወደ ላይ ይመልከቱ" ይላል። መርፌው ከጎን ስለሚመጣ ጥላው ብቻ ይታያል። እንደሚወራው አያምም፤ በአውራ ጣት የመጫን ያህል ነው። ወዲያው በመብራቱ መካከል ጥቁር ነገር ይፈሳል፤ ውሃ ላይ ቀለም እንደ መንጠባጠብ። ሲነሱ ትንሽ ጥቁር ኳስ ከእይታ ሥር ይንሳፈፋል፤ ጎንበስ ሲሉ ይመጣል፣ ቀና ሲሉ ይሸሻል። በሁለተኛው ቀን አንሶ ይጠፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የራሴን ደግሞ ልጨምር፤ ምንም ላልደብቅ ተነስቻለሁና። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ሽቦው ዓይኔን ገልጦ ይዞት ሳለ፣ አሥራ አንዱ መብራቱን ከበው ቆመው ነበር። ወረቀታቸውን አልዘረጉም። ሁሉም የሚያዩት መርፌውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን እየሳሱ ሄዱ። በኅዳር የእኔዎቹ ሰባት ሆኑ። በታኅሣሥ እርስዎ የጁማናን ቅንድብ ዳሰው "ይቺን ጠባሳ መቼ አመጣሻት?" አሏት፤ ልጅቱ "ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነው አያቴ" ብላ አለቀሰች። ያን ዕለት "ሁለት ቀርተዋል" አሉኝ በጆሮዬ። "ትልቁና አንዱ። እነሱም በስተጀርባቸው ግድግዳው ይታያል።" እኔም አራት ደርሼ ነበር። በሹክሹክታ ቁጥር ስንለዋወጥ ሌባ እንመስል ነበር።

በጥር መጨረሻ ነገሩ ተበላሸ። እርስዎን አልወቅስም። ባለቤትዎ ሸሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሠላሳ ዓመት ደረሳ ሰብስበው ኪታብ እያስቀሩ ባስተማሩበት ቤት፣ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ እያዩ ዝም ማለት አልቻሉም። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ኩስኩስቱን ውሃ ሞልተው፣ እንግዶቹ ውዱእ ያድርጉ ብለው፣ ከደጃፉ አስቀመጡ። አጠገቡ ሁለት ምንጣፍ አነጠፉ። በሽር ከሱቅ ሲመለስ ደረሰበት።

"ለማን ነው?" አለ።

"ለእንግዶቹ።"

"ለየትኞቹ?"

በጣትዎ ጠቆሙለት። የካቲት ላይ፣ በሽር ሸቀጥ ሊያመጣ ደሴ በወረደበት ሳምንት፣ ጁማና ይዛዎት መጥታ እየሳቁ የነገሩኝ ይህን ነው። "ብታየው ቢተው፣ ደርቆ ቀረ። እሱ ነው ጅን ያየ የሚመስለው!"

እኔም ሳቅሁ። ያኔ መሳቅ አልነበረብኝም።

በሽር የራሱን አሰበ። መርፌው በጥቅምት ተጀመረ፤ እናቱ በጥር ለማይታይ ሰው ውሃ አቀረበች። "ዓይን በር ነው። በሩን በመርፌ ወግተው ከፈቱባት" አለ። ሰማነው፤ ያገሩ ሰውም እውነትህን ነው አለው። አልፈርድበትም። እሱ ያየው የመጨረሻውን ነው። ከመርፌው በፊት ሽማግሌዎቹ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆመው እንደነበር የሰማ ሰው አንድ እኔ ብቻ ነኝ።

መጋቢት 12 እጅዎን ይዞ ሲመጣ ሊያስወጋዎ መስሎን ቦታ ለቀቅን። እሱ ግን አልተቀመጠም።

"ሲስተር፣ እናቴን ከመዝገብ ሰርዢልኝ።"

"ምነው? ብልቃጧ እኮ ተከፍታለች" አለች ሲስተር አሰጋሽ።

"ድፉት።"

"በሽር" አሉ እርስዎ፣ "ከመርፌው በፊትም ነበሩ ብዬህ የለም?"

"እማ፣ ይህን አሁን ነው የምትዪው።"

"ቢተውን ጠይቀው። እዚሁ ነው፣ ሲስል ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ነግሬዋለሁ። እሱም ያያል።"

በሽር ወደ እኔ ዞረ። በአክብሮት ነው የጠየቀኝ፤ ይህን አልክድም። "አቶ ቢተው፣ እውነት ነው? የሌለ ሰው ያያሉ?"

በሩ ላይ ከእኔ ባለጉዳዮች አንዱ ቆሟል፤ የወንድማማቾች የመሬት ክርክር፣ ፋይሉ ቦርሳዬ ውስጥ። የእኔዎቹ አራቱ ደግሞ ከበሽር ኋላ ተሰልፈዋል። ባለ ጉትቻዋ ወረቀቷን በትከሻው በኩል እስከ ፊቴ ድረስ ዘርግታዋለች። ያን ያህል ቀርባ አታውቅም።

"አላይም" አልሁ።

"ነግራዎትስ ነበር?"

"አላስታውስም።"

እርስዎ እንደ መጀመሪያው ቀን ፊትዎን ወደ ድምፄ አዞሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ተሳስቼ ይሆናል" አሉ። "አርጅቻለሁ።" ነገሩን አጥብቀው ቢይዙት የምዋረደው እኔ ነበርሁ። አውቀው ለቀቁት። በሽር እጅዎን ይዞ ሲያወጣዎ በሩ ላይ ቆም ብለው ለሆነ ሰው መንገድ ለቀቁ። እዚያ ማንም አልነበረም።

ሰባታችን ተወጋን። እኔ የመጨረሻው ነበርሁ። ከአልጋው ስወርድ ስምንተኛው መርፌ ተሞልቶ ትሪው ላይ ተቀምጧል። ሲስተር አሰጋሽ ልትደፋው አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። "ምናልባት ከመናኸሪያው ይመለሱ ይሆናል" አለች። እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀች። ከዚያ ደፋችው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ጁማና ለትምህርት ቤት ጉዳይ መጥታ ጃንጥላዬ ሥር ቆመች። ማን እንደሆነች በድምፅዋ ነው የለየኋት።

"ቀኝ ዓይኗ ጨለመ" አለችኝ። "በግራው ጥላ ብቻ ትለያለች።"

"እንግዶቹስ?"

"ቤቱ ሞልቷል ትላለች። መቆሚያ የለም። ወደ ጓዳ ስትሄድ 'አንዴ አሳልፉኝ፣ አንዴ አሳልፉኝ' እያለች ነው። ሴትም ሕፃንም መጥተዋል አለች።"

"ውሃውን አሁንም ታስቀምጣለች?"

"አባዬ ኩስኩስቱን ደብቆታል። ውሃ አጥተው ቆመዋል እያለች ታዝናለች።"

በሽር፣ እናትህ ፊት እንድነግርህ ፍቀድልኝ። መርፌው በነበረ ጊዜ ከሦስት ወደ ሁለት ወረዱ። መርፌው ከቀረ ወዲህ ቤት ሞሉ። መርፌው በር ከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ ሲቀር ይወጡ ነበር።

ይቅርታ እመት ፈይዛ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

ባለፈው ቅዳሜ ዶክተሩ ስሜን ሲጠራ አልተነሳሁም። "ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አለኝ፤ ሰውም ይስማው" አልሁ። ውጭ የምርጫ ቅስቀሳ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ያልፍ ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። "የሌሉ ሰዎች አያለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ። መርፌ ከመወጋቴ በፊት። እመት ፈይዛም ከመርፌው በፊት እንደሚያዩ እዚህ ወንበር ላይ ነግረውኛል። በመጋቢት የተናገርሁት ውሸት ነው።"

ዶክተር ሙእሚን አልደነገጠም። መጥቶ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ስንት ናቸው?"

"አራት።"

"ይናገራሉ?"

"አይናገሩም።"

"ሲጨፍኑ ይጠፋሉ?"

"ይጠፋሉ።"

"የታወቀ ነገር ነው" አለ። "ዓይን ሲደክም አእምሮ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ሰው ወሬ እንደሚፈጥር ሁሉ እሱም ያልነበረውን ይስላል። ጅንም አይደለም፣ እብደትም አይደለም። ዓይን ሲሻለው ይቀንሳል። ግን ለምን አልነገራችሁኝም?"

ቦጋለች፣ ያቺ ከዳር የምትቀመጠው፣ "አንተስ መቼ ጠየቅኸን ዶክተርዬ?" አለችው። "ስንት ጣት ነው፣ ስንት ጣት ነው ብቻ እኮ ነው የምትለን!" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔን ግድግዳው ሁሉ አበባ ይሆንብኛል። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ልነካው ስሄድ እጄ ከጭቃው ጋር ይጋጫል" አለች።

"እኔ በግ ነው" አለ አበጋዝ። "የሌለኝ በግ። ስንት ቀን ከአጥር ግቢ ሳስወጣ ውያለሁ!"

"ለፋሲካ አንዱን ብትሸጥልን ምን ነበረበት?" አለው አንዱ።

ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሌሎች ሁለትም እናያለን አሉ። ከሰባታችን አምስታችን የምናይ ሆንን። ስድስት ወር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ስንቀመጥ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሰው፣ የየራሳችንን መንጋ ይዘን ዝም ብለን ነበር። ምንም የማያዩት ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከአግዳሚው ጫፍም ራቅ አሉ።

ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀትም የአሻራ ቀለምም አይጠፋም። የአምስታችንን ቃል እዚያው ጻፍሁ፤ መቼ እንደጀመረን፣ ምን እንደምናይ፣ ከመርፌው በፊት እንደነበረ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፏል። አራቱ አውራ ጣታቸውን አትመዋል፤ አምስተኛው የእኔ ፊርማ ነው። ዶክተሩም ከግርጌው በራሱ እጅ ጽፎበታል። በሽር ይመልከተው። አሻራዎቹን ጁማና በጣትዎ ታስዳስስዎ።

ሰኞ ሁለት ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን መልሰው ወሰዱ። አንደኛው ከመቀመጡ በፊት በርጩማውን በእጁ ዳበሰው፤ ሰው ተቀምጦበት እንዳይሆን። ይሁን። የመጣው ይምጣ። በግንቦት 8 ዋዜማ፣ ዓርብ፣ ወግዲ እናንተ ዘንድ እደርሳለሁ። ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ በመስጊዱ ደጅ፣ ሰው ባለበት፣ ይህንኑ ቃል ለበሽር ቆሜ እደግመዋለሁ። እሺ ካለ ቅዳሜ በማለዳው መኪና አብረን እንመጣለን። እምቢ ካለም ቃሌን ሰምቶ እምቢ ይበል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልተወው አስቤ ነበር፤ ምስክርነቴን ያላላዋል። ግን ግማሽ ቃል መስጠት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ።

እርስዎ ከቀሩ ወዲህ በአግዳሚው ላይ ቦታዎን ማንም አይቀመጥበትም፤ በእኔና በአበጋዝ መካከል ክፍት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከተወጋሁ በኋላ ስወጣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦበት አየሁ። ከአራቱ አይደለም። አረንጓዴ ጠምጥሟል፤ ጫፉ ተተልትሏል። ጉልበቱን ገጥሞ ወደ በሩ ያያል፣ ሰው እንደሚጠብቅ። ለዶክተሩ ስነግረው "ከእሳቸው ስለሰሙ ነው፤ አእምሮ የሰማውንም ይስላል" አለኝ። ልክ ይሆናል። ነገር ግን ያልነገሩኝን አንድ ነገር አየሁ፤ በግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም። እንዲያ ይሁን አይሁን በደብዳቤ አይመልሱልኝ። መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ይነግሩኛል።

ግንቦት 8 ሲስተር አሰጋሽ ስምንት መርፌ ትሞላለች። ቦታዎን ማንም አልያዘውም ብዬ አልዋሽዎትም። እርስዎ ሲመጡ ግን ይነሳልዎታል።

ከዚህ በላይ ያለው ቃሌ ነው።

ቢተው፣ የፍርድ ቤቱ ደጅ ጸሐፊ